«ወረም» ሁሉ ካንሰር አይደለም፦ ስለ ፔትሮሚን እህቶቻችንና ስለ አንድ ወረቀት

ባለፈው የጥቅምት እትማችን የኋላ ሽፋን ላይ የወጣውን ማስታወቂያ አንባቢዎች ታስታውሱታላችሁ። በትልልቅ ፊደል «ጡትሽ ላይ ዕብጠት አገኘሽ? እንግዲያው ጊዜ የለሽም!» ይል ነበር። ማስታወቂያውን ካረቀቁት ጓዶች አንዷ እኔ ስለሆንሁ፣ ይህን ጽሑፍ በግለሂስ መጀመር ይገባኛል። ያ መፈክር ስሕተት ነበር። ስሕተቱም የቃላት አመራረጥ ብቻ አልነበረም፤ ለማን እንደምንናገር ሳናስብ መናገራችን ነው።

መፈክሩ ሃምሳ ዓመት ለሞላት፣ የመድን ካርድ በቦርሳዋ ለያዘች፣ ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ብትሄድ ማንም «ወዴት ነሽ?» ለማይላት ሴት የተጻፈ ቢሆን ብዙ ባላስወቀሰን። ነገር ግን ይህ መጽሔት ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ወጥቶ ሩቅ እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ብዙዎቻችን እዚህ የደረስነው በእህቶቻችን ላብ ነው። እነዚያ እህቶች ደግሞ በጅዳ፣ በመካ፣ በሪያድ፣ በቤይሩት የሰው ቤት ያጸዳሉ፣ የሰው ልጅ ያሳድጋሉ። ገጹን በስልክ አንስተን የምንልከው ለእነርሱ ነው። ኢቃማዋ በማዳሟ መሳቢያ ተቆልፎባት፣ ወይም ጨርሶ ኢቃማ ሳይኖራት ለምትኖር የሃያ አራት ዓመት ልጅ «ጊዜ የለሽም» ማለት ወደ ሐኪም መግፋት አይደለም። ወይ አፏን ዘግታ እንድትቀመጥ፣ ወይም መጀመሪያ ያገኘችው ቢላዋ ሥር እንድትጋደም ማድረግ ነው። ሁለቱንም በአንድ ሰው ላይ አይቻለሁ። ያቺ ሰው ታላቅ እህቴ ናት። ስሟን እስካልጠራሁ ድረስ ታሪኳን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች።

ፔትሮሚንን ለማያውቅ ጓድ ጥቂት ልበል። በደቡብ ጅዳ ያለ ሰፈር ነው። ስሙም እ.ኤ.አ. በ1962 ከተቋቋመው የሳዑዲ የነዳጅና የማዕድን ድርጅት የተወረሰ ነው። ለእኛ ሰው ግን ፔትሮሚን ማለት ነዳጅ ሳይሆን እንጀራ፣ ቡና፣ ከአገር የመጣ በርበሬና የዓርብ ዕረፍት ማሳለፊያ ፍራሽ ነበር። በኮንትራት መጥታ ከማዳሟ ቤት የጠፋችው፣ በዑምራ ቪዛ ገብታ የቀረችው፣ በየመን በኩል ባሕር ተሻግራ የደረሰችው፣ ሁሉም ተዋጥተው አንድ ክፍል ይከራዩ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ የከተማው አስተዳደር ያካሄደው የማፍረስ ዘመቻ ፔትሮሚንንም ነክቷል። ሰፈር ቢፈርስ ኑሮው አይፈርስም፤ ያው ስድስት ፍራሽ ሌላ ሰፈር ሄዶ ይነጠፋል። ስለዚህ እዚህ ፔትሮሚን ስል ቦታውን ብቻ ሳይሆን አኗኗሩንም ማለቴ ነው።

እህቴ ዕብጠቱን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ2011 ሰውነቷን ስትታጠብ ነው። ልሙጥ ነበር፤ ስትነካው ከጣቷ ሥር ይንሸራተታል፤ አያምም። ለክፍል ጓደኞቿ ስትነግራቸው አንዷ «ምች ነው» አለች፣ ሁለተኛዋ «ዓይን ነው፣ አገርሽ ገብተሽ ጸበል ተጠመቂ» አለች፣ ሦስተኛዋ ግን ምንም ሳትናገር አለቀሰች። ከሁሉ ያስፈራት የሦስተኛዋ ዝምታ ነበር። አምስት ወር ደበቀችው። በአምስት ወር ውስጥ የባቄላ ያህል የነበረው የሎሚ ያህል ሆነ። በመጨረሻ ዓረብኛ «የምታውቅ» ጓደኛ ይዛ ወደ አንድ አነስተኛ የግል ክሊኒክ ሄደች። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ አየና አንድ ነገር ተናገረ። ጓደኛዋ ከንግግሩ የለየችው «ወረም» የሚለውን ብቻ ነበር። ወረም በእርሷ ዘንድ ካንሰር ማለት ነው። እህቴም ካንሰር እንደያዛት አምና የሦስት ወር ደመወዟን ከፈለች፤ በዚያው ሳምንት በማደንዘዣ መርፌ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ተቆርጦ ወጣላት። የወጣው ሥጋ የት እንደሄደ የጠየቀ የለም። ወረቀትም አልተሰጣትም።

እህቴ ለብዙ ዓመታት ይህን ስትተርክ «ሐሚድ የሚባል ሐኪም ነው ያየኝ» ትል ነበር። እኔም እንደዚያው ይዤው ኖርሁ። እዚህ መጥቼ የሕክምና ትምህርት ከጀመርሁ በኋላ ግን አንድ የሱዳን ልጅ የክፍሌ ጓደኛ «ወረም ሐሚድ» ማለት ካንሰር ያልሆነ ዕብጠት ማለት እንደሆነ ሲነግረኝ ደርቄ ቀረሁ። ሐሚድ የሐኪሙ ስም አልነበረም። ሰውየው «አይዞሽ» ማለቱ ነበር፤ እህቴ ግን የሞት ፍርድ ሰምታ ወጣች። በስልክ ስነግራት ረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ «አንቺ ልጅ፣ እንግዲያው ያን ሁሉ ሌሊት ያለቀስሁት በከንቱ ነው?» አለችኝ።

ሙሉ በሙሉ በከንቱ እንኳ አልነበረም። ከ14 ወር በኋላ ዕብጠቱ በዚያው ቦታ ተመልሶ መጣ፤ በዚህ ጊዜ ከፊተኛው ይፈጥን ነበር። ለሁለተኛ ሕክምና ገንዘብ ስታጠራቅም የ2013 አፈሳ ደረሰ። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2013 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲመለሱ እርሷም በሹሜሲ ተርሂል በኩል በአንድ ፌስታል ልብስ ቦሌ ወረደች። አዲስ አበባ ላይ በወፍራም መርፌ ናሙና ተወስዶላት፣ ከዚያም ዙሪያውን ጤነኛ ሥጋ ጨምሮ በቀዶ ሕክምና ወጣላት። የፓቶሎጂው ወረቀት ዕብጠቱ ፊሎድስ የሚባለው ዓይነት መሆኑን፣ ከፊሎድስም ካንሰር ካልሆነው ወገን መሆኑን ተናገረ። ዛሬ ደኅና ናት። ወረቀቱን እስካሁን ከልደት ካርዷ ጋር በአንድ ፖስታ ታስቀምጠዋለች።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንደምንማር ለመነጋገር በመጀመሪያ ዕብጠቱ ራሱ ምን እንደሆነ ማወቅ አለብን። ብዙ ጓዶች ሕክምና ስለማያጠኑ በቀላሉ አቀርበዋለሁ።

በወጣት ሴት ጡት ላይ የሚገኝ ዕብጠት አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም። ከሁሉ የሚዘወተረው ፋይብሮአዴኖማ የሚባለው ነው። ይህም ከጡቱ እጢና ከደጋፊው ሥጋ የሚያድግ፣ ልሙጥ፣ ተንቀሳቃሽ፣ ብዙውን ጊዜ ከ3 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ነው። በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ ዕድሜ ይበዛል፤ በጥቁር ሴቶች ዘንድም ከነጮቹ ይልቅ ይዘወተራል። ምንነቱ በትክክል ከተረጋገጠ ሳይቆረጥ ሊተው ይችላል፤ ከዓመታት በኋላ በራሱ የሚያንስም አለ። ከዚሁ ወገን የሆነ፣ ገና ለጋ ልጃገረዶችን የሚይዝ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ አንዱን ጡት ከሌላው እጥፍ የሚያደርግ ግዙፍ ዓይነትም አለ። እናት ይህን ስታይ ብትደነግጥ አይፈረድባትም። ነገር ግን ዕብጠቱ ብቻ ተለይቶ ይወጣል፤ የልጅቱን ጡት መቁረጥ አያስፈልግም። ይህን እዚህ የምጽፈው ያለ ምክንያት እንዳይመስላችሁ።

የእህቴ ዓይነት ግን ብርቅ ነው። ፊሎድስ ከጡት ዕጢዎች ሁሉ ከመቶ አንዱን እንኳ አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ1838 ዮሐንስ ሙለር የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ስም ያወጣለት ሲሆን፣ ቃሉ በግሪክኛ ቅጠል መሰል ማለት ነው፤ ሥጋው ሲሰነጠቅ የተደራረበ ቅጠል ይመስላልና። መጀመሪያ ላይ በእጅም በአልትራሳውንድም ፋይብሮአዴኖማን ስለሚመስል ያታልላል። የሚያጋልጠው ዕድገቱ ነው። አብዛኛው ካንሰር አይደለም፤ ከፊሉ በመካከል የሚዋልል ነው፤ ጥቂቱ ደግሞ ካንሰር ነው። ይህን የሚለየው ማይክሮስኮፕ ብቻ ነው። ካንሰር ያልሆነውም ቢሆን ሥሩ ከቀረ ተመልሶ የመብቀል ጠባይ አለው። ስለዚህ ፋይብሮአዴኖማ ነው ተብሎ እንደ ፍሬ ተፈልፍሎ የወጣ ፊሎድስ፣ ሥጋውም ሳይመረመር የተጣለ ፊሎድስ፣ ያለቀ ሥራ ሳይሆን በይደር የተቀመጠ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ሥጋ ተመርምሮ ቢሆን ኖሮ እህቴ ምን መጠበቅ እንዳለባት ታውቅ ነበር።

ሌላውና በዚያ አካባቢ ልዩ ትኩረት የሚሻው ግራኑሎማተስ ማስታይቲስ የሚባለው ቁጣ ነው። ኬስለርና ወሎክ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1972 ለይተው ጻፉት፤ ከዚያ ወዲህ ከቱርክና ከመካከለኛው ምሥራቅ አገሮች በብዛት ተዘግቧል። ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ከወለዱ ጥቂት ዓመታት ያለፋቸውን ወጣት ሴቶች ነው። ጡቱ ይጠነክራል፣ ይቀላል፣ አንዳንዴ ፈንድቶ መግል ያወጣል። ሲያዩት ካንሰር ይመስላል፤ ወይም ተራ እባጭ ይመስላል። እባጭ ነው ተብሎ ደጋግሞ ሲበጣ ቁስሉ አልድን ብሎ ቀዳዳ ያበጃል፤ ካንሰር ነው ተብሎ ሲቆረጥ ደግሞ ያለ ምክንያት ጡት ይጠፋል። ትክክለኛው አካሄድ ናሙና ወስዶ ማረጋገጥና ከዚያ በኋላ በትዕግሥት፣ ሲያስፈልግም ፕሬድኒሶሎንን በመሰለ መድኃኒት ማከም ነው። ብዙ ጊዜ ከወራት እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ይበርዳል።

ነገር ግን እዚህ ላይ የእኛ አገር ልጅ ከቱርኳ ሴት የምትለይበት አንድ ነገር አለ። ኢትዮጵያ ቲቢ ከሚበዛባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ ቲቢ ደግሞ ሳንባን ብቻ አይደለም፣ ጡትንም ይይዛል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከዚህ ቁጣ ጋር ይመሳሰላል። አንዱን ያበረደ መድኃኒት ሌላውን ያባብሳል። ለቲቢ የተሳሳተ ፕሬድኒሶሎን መስጠት ለጠላት በር መክፈት ነው። ስለዚህ ናሙናው ለቲቢም መመርመር አለበት፤ ቲቢ ሆኖ ከተገኘ ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ነው፣ በአገራችንም በነፃ ይሰጣል። ቋንቋችንም እዚህ ላይ ያሳስተናል። ሳንባ ነቀርሳ ስንል ቲቢ ማለታችን ነው፤ የጡት ነቀርሳ ስንል ግን ካንሰር ማለታችን ነው። ጡቷን ቲቢ የያዛትን ልጅ «ነቀርሳ ነው» ብንላት ምን ትሰማለች? ከእንግዲህ በዚህ መጽሔት ካንሰርን ካንሰር፣ ቲቢን ቲቢ እንድንል አሳስባለሁ።

ሌሎችም አሉ። ከሚያጠቡ እናቶች ጡት ውስጥ ወተት ተጠራቅሞ የሚያብጥ አለ፤ በመርፌ ሲሳብ ወተት ይወጣና ያልቃል። ከምት በኋላ ስቡ ደርቆ የሚጠጥር አለ፤ ማዳሟ ገፍትራት ከጠረጴዛ ጋር የተጋጨች ልጅ ይህን ልታገኝ ትችላለች። በአልትራሳውንድም በእጅም ፍጹም ካንሰር መስሎ በናሙና ግን ንጹሕ ሆኖ የሚገኝ ግራኑላር ሴል የሚባል ብርቅ ዕጢም አለ። ሁሉንም መዘርዘር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም።

ቁም ነገሩ እነዚህን ሁሉ የሚለየው ሦስት ነገር ተባብሮ ነው፦ የሐኪም እጅ፣ ሥዕልና ሥጋ። ከ40 ዓመት በታች ለሆነች ሴት ሥዕሉ በመጀመሪያ አልትራሳውንድ ነው፤ የወጣት ጡት ጥቅጥቅ ስለሆነ ማሞግራፊ ብዙ ነገር ይሸፈንበታል። ሥጋው ደግሞ በማደንዘዣ፣ በወፍራም መርፌ የሚወሰድ ናሙና ነው። በአገራችን የተለመደው ቀጭኑ መርፌ ርካሽና ጠቃሚ ነው፤ ግን ሴሎችን እንጂ ሥጋውን ስለማያወጣ ፊሎድስን ከፋይብሮአዴኖማ መለየት ይቸግረዋል። ወፍራሙም ቢሆን አንዳንዴ ይሳሳታል። ለዚህ ነው ሦስቱ አንድ ዓይነት ነገር መናገር ያለባቸው። ሁለቱ «ደኅና ነው» ብለው ሦስተኛው ካልተስማማ ምርመራው አላለቀም።

አሁን ወደ ራሴ አስተያየት ልምጣ። መጻሕፍቱ በአልትራሳውንድ ደኅና ለሚመስል ዕብጠት «ከስድስት ወር በኋላ ተመልሳ ትታይ» ይላሉ። እንዲህ ያለው ዕብጠት ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከመቶ ሁለት በታች ስለሆነ ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን ምክሩ አንድ ያልተጻፈ ግምት አለው፤ ሴትዮዋ ከስድስት ወር በኋላ እዚያው ከተማ፣ እዚያው ሐኪም ዘንድ ትኖራለች የሚል ግምት። ለፔትሮሚን ልጅ ይህ ግምት አይሠራም። ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ማዳም ቤት፣ ወይም መካ፣ ወይም ሹሜሲ፣ ወይም ቦሌ ልትሆን ትችላለች። እ.ኤ.አ. በ2017 የምሕረት ጊዜ ከታወጀ በኋላ በተከታዮቹ ዓመታት ከ300,000 በላይ ወገኖቻችን ተመልሰዋል። ከእነዚህ መካከል ቀጠሮዋ ሳይደርስ የተመለሰች ስንት እንደነበረች ማን ቆጠረ? እንግዲህ ኑሮዋ ላልረጋ ሴት «ጠብቀን እንይ» ከማለት ይልቅ በመጀመሪያው ቀን ናሙና መውሰድ ይመረጣል እላለሁ። ሐኪሞችም ክትትሉ አስተማማኝ ካልሆነ ይህን ማድረግ እንደሚገባ ያውቃሉ። የሚጎድለው እርሷ ኑሮዋን ገልጻ መጠየቋ ነው፤ ከዚያም ውጤቱን በወረቀት ይዛ መውጣቷ። ወረቀቱ ከእርሷ ጋር አውሮፕላን ይሳፈራል፤ ሐኪሙ ግን አይሳፈርም።

በዚህ ላይ ሦስት ዓይነት ተቃውሞ ደርሶኛል።

የመጀመሪያው ከአንዳንድ ወንድ ጓዶች የመጣ ነው፤ «ይህ የሴቶች ጉዳይ ነው፣ በይፋ መጽሔት ላይ መውጣቱ ያሳፍራል» የሚል። የወር ገንዘቡን በዌስተርን ዩኒየን ሲቀበል ያላፈረ ጓድ እዚህ ላይ የሚያፍርበት ምክንያት አልገባኝም። ጅዳ ራሷ ለዚህ መልስ ሰጥታለች። እ.ኤ.አ. በ2006 በከተማዋ የንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ዩኒቨርሲቲ የማሕፀን ሐኪም የሆኑት ዶክተር ሳሚያ አል-ዐሙዲ የጡት ካንሰር እንደያዛቸው በራሳቸው ስም በጋዜጣ ጻፉ። በዚያ አገር ይህ የማይደፈር ነገር ነበር። በዚያው ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው የጡት ካንሰር ማዕከልም ኢትዮጵያ ውስጥ በተወለዱት በሼህ መሐመድ ሁሴን አል-አሙዲ ስም ይጠራል። እነርሱ ጅዳ ላይ በግልጽ ካወሩት እኛ እዚህ የምንደብቀው ከማን ነው?

ሁለተኛው ተቃውሞ የነቁ ነን ከሚሉት ወገን የመጣ ነው። «ችግሩ የከፊል ሥርዓት ነው፤ ያ ሥርዓት ሳይወድቅ ስለ መርፌና ስለ ወረቀት ማውራት ጥገናዊነት ነው» ይላሉ። የችግሩ ሥር እዚያ መሆኑን አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የሥራ ሕግ ማሻሻያ የቤት ሠራተኞችን ወደ ውጭ ትቶ ነው የወጣው። ከሐምሌ 2024 ጀምሮ የቤት ሠራተኛ የጤና መድን ግዴታ ሲሆንም ከአራት በላይ ሠራተኛ ያላቸውን ቤቶች ነው የያዘው፤ በአንዲት ማዳም ቤት ብቻዋን የምትሠራው ልጅ ከግዴታው ውጭ ቀርታለች። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 መጨረሻ ንጉሡ ኢቃማ የሌላቸው ጭምር ለኮሮና በነፃ እንዲታከሙ አዘዙ። ፈቃዱ ሲኖር በሩ መከፈት እንደሚችል ይህ ያሳያል፤ ለዚህም መጮኽ ተገቢ ነው። ነገር ግን ፊሎድስ የከፊልን ሥርዓት መውደቅ አይጠብቅም። እየጮኽን ወረቀቱንም እናንብብላቸው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሕክምና ተማሪዎች የመጣና ከሁሉ የከበደው ነው። «በአገራችን በሴቶች ላይ ከሁሉ የሚበዛው ካንሰር የጡት ካንሰር ነው፤ ሕመምተኞቹም ከአውሮፓ ይልቅ ወጣቶች ናቸው፣ ሐኪም ዘንድ የሚመጡትም ዘግይተው ነው። አብዛኛው ካንሰር አይደለም ብለን ብናውጅ የባሰ አናዘገያቸውም ወይ?» ይላሉ። ይህን ክርክር አከብረዋለሁ፤ እኔም መፈክሩን የጻፍሁት ይህንኑ አስቤ ነበር። ግን እህቴን አምስት ወር ያስቀመጣት ቸልተኝነት አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። ዕብጠት ሁሉ ካንሰር ነው፣ ካንሰርም ሁሉ ሞት ነው ብላ የምታምን ሴት ምን ብላ ትሄዳለች? የምትሄደው ለመልካም ዜናም ቦታ እንዳለ ስታውቅ ነው። ስለዚህ የምንላት ነገር «ምንም አይደለም» ሳይሆን «ላይሆን ይችላል፤ የሚታወቀው ግን ተመርምሮ ብቻ ነው» መሆን አለበት። የወር አበባ መጥቶ ሲሄድ ያልጠፋ ዕብጠት ይመርመር። የሚያድግ፣ የደረቀና ቦታው ላይ የተተከለ፣ ቆዳውን ወደ ውስጥ የሚስብ፣ ከጡት ጫፍ ደም የሚያወጣ ወይም ብብት ውስጥ ጓደኛ ያበቀለ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ይመርመር።

አንድ ነገር ደግሞ ከመጻሕፍት ሳይሆን ከፔትሮሚን የተማርሁት አለ። ሐኪሙ በተፈጥሮው «መቼ ወለድሽ? ታጠቢያለሽ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄው ለምርመራው ያስፈልጋል። ያለ ጋብቻ መውለድ በሕግ በሚያስከስስበት አገር ግን ባል የሌላት ሠራተኛ ይህ ጥያቄ የፖሊስ ጥያቄ ሆኖ ይሰማታል፤ ትዋሻለች፤ ሐኪሙም በተሳሳተ መንገድ ይሄዳል። ቲቢን በሚመለከትም እንዲሁ ነው፤ የኢቃማ ምርመራ ቲቢን ስለሚጨምር ቃሉን መስማት ብቻ መባረር ይመስላታል። አገር ቤት ልጅ ትታ የመጣች ልጅ ስንት ዓመት እንደሆነው ልትናገር ትችላለች፤ ያ በቂ መልስ ነው። ይህን አስቀድማ ከእኛ ብትሰማ ጥያቄው ሲመጣ አትደናበርም።

ስለዚህ ለማኅበሩ የማቀርበው ሐሳብ ትልቅ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ አንድ ገጽ እናዘጋጅ። በገጹ ላይ የዓረብኛው ቃል እንደሚሰማው በፊደላችን ይጻፍ፦ ወረም ማለት ዕብጠት እንጂ ካንሰር አለመሆኑ፣ ሐሚድ ካንሰር ያልሆነ፣ ኸቢስ ግን ክፉው መሆኑ፣ ሰረጣን ካንሰር፣ ዐይና ናሙና፣ ተቅሪር ደግሞ የውጤት ወረቀት መሆኑ። «አዕጢኒ አል-ተቅሪር»፣ ማለትም «ውጤቱን በጽሑፍ ስጡኝ» የሚለውን አንድ ዓረፍተ ነገር በቃሏ ትያዘው። ከሰውነቷ የወጣ ሥጋ ሁሉ ወደ ፓቶሎጂ ይላክ ብላ ከመቆረጧ በፊት ትጠይቅ፤ ክሊኒኩ አንልክም ካለ ሌላ ትፈልግ። ይህን ምክር የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ገደማ የሚሰጣት ሰው ቢኖር ኖሮ እህቴ የሦስት ወር ደመወዟን ሁለት ጊዜ ባልከፈለች።

ከዚያ የሚቀረው የእኛ ሥራ ነው። የውጤት ወረቀት ፎቶ ሲላክ በሁለት ቀን ውስጥ አንብቦ በምታውቀው ቋንቋ የሚያስረዳ የሕክምና ተማሪ ይመደብ። የምናነበው እንጂ የምናክመው አለመሆናችን በግልጽ ይነገራት። ስሟም በማኅበሩ መዝገብ አይጻፍ። ያልገባንን «ገብቶናል» አንበል፤ በጥናት ክበባችን ውስጥ ሁለት ጊዜ ያየሁት ይህ በሽታ ነው፣ እርሱም ተላላፊ ነው።

ሐሳቡን ለሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ በጽሑፍ አስገብቻለሁ፤ በአጀንዳው ሰባተኛ ተራ ላይ ነው፤ ከበዓሉ ዝግጅት ቀጥሎ ማለት ነው። እስከ አሁን ሁለት የአምስተኛ ዓመትና አንዲት የነርስነት ተማሪ ተመዝግበዋል። ዓረብኛ ማንበብ የምትችሉ ጓዶች፣ በተለይ ከሐረርና ከወሎ የመጣችሁ ቁርአን ቤት የተማራችሁ፣ ስማችሁን ለማኅበሩ ጸሐፊ ስጡ። የሱዳኑ ጓደኛዬም እንደ እንግዳ ሊረዳን ተስማምቷል። የኋላ ሽፋኑን የሚመለከተውን ማረሚያ አዘጋጁ በሚቀጥለው እትም በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን እንዲያወጣልኝ ጠይቄአለሁ።